በጆሮዋ ምን አላት?

«ይቅርታ ያድርጉልኝና... ልጅዎ መናገር ትችላለች?»

ርዕሰ መምህሯ ይህን ስትጠይቅ የእናትየው ደም ፈላ።

መናገር?!

ቤት ውስጥ እኮ አፏ አይዘጋም! አምስት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት የጀመረችውን ወሬ ማታ በእንቅልፍ ልቧ የምትጨርስ ለፍላፊ ናት።

ትምህርት ቤት ስትገባ ግን... ጭጭ!

አባትየው መሐንዲስ ነው። ድርጅቱ በየጊዜው ከአገር አገር ያዛውረዋል፤ እናትና ልጅም ሻንጣ ሸክፈው ይከተሉታል። አዲስ ቤት፣ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ትምህርት ቤት ፍለጋ... ሁሌም ከሀ መጀመር ነው።

እዚህኛው አገር ደግሞ ሕፃን ሳይፈተን አይገባም። አስተማሪዋ ምንጣፍ ላይ ታስቀምጣትና ታጫውታታለች፣ ትጠይቃታለች። ልጅቷ ከመለሰች ገባች፣ ካልመለሰች ቀረች።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት «ትንሽ ትደግና አምጧት» አለ።

ሁለተኛው ጋ ባሰ። ልጅቷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ሽንቷ አመለጣት።

«እንዲህ ላሉ ልጆች የሚሆን ሌላ ትምህርት ቤት አለ» ብለው ሸኟቸው።

እንዲህ ላሉ ልጆች! አይ የሰው አፍ...

መኪና ውስጥ ሲገቡ አባት መሪውን በቡጢ ነረተው።

«አዋረደችን!»

«ልጅ እኮ ናት!» አለች እናት።

«አንድ ትምህርት ቤት ነው የቀረን። እዚያም ካልተቀበሏት እናቴ ጋ ትላካለች። አገሯ ትማር።»

«ያለ እኔ?»

«ያላንቺ። ምን ላድርግ ታዲያ?»

እናም ዛሬ እናትየው የመጣችው ልጇን ለማስመዝገብ ብቻ አይደለም... ልጇን ላለመነጠቅ ነው።

ጠዋት በሩ ላይ አባት እንደ ልማዱ በርከክ አለ። የልጁን ሹሩባ አስተካከለ። ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ የሆነ ነገር ሹክ አላት። ልጅቷም ራሷን ነቀነቀች።

በየትምህርት ቤቱ በር ላይ እንዲህ ያደርጋል። እናት ባየችው ቁጥር አንጀቷ ይርሳል። «አይዞሽ እያላት ነው» ትላለች በሆዷ።

ምን እንደሚላት ግን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

እና አሁን ርዕሰ መምህሯ ያንን ጥያቄ ስትጠይቅ፣ እናት ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ትችላለች! ከናንተ ሁሉ በላይ ትችላለች! የኛ ልጅ ስለሆነች ነው አይደል? መልካችን ስላላማራችሁ ነው አይደል?»

ኮሪደሩ ላይ የነበሩ ወላጆች ዞረው አዩዋት። ይዩኣ! ግድም አልሰጣት።

አባት ክንዷን ያዝ አደረጋት። «ኧረ በናትሽ... ሰው እያየን ነው።»

ርዕሰ መምህሯ ግን አልተቆጣችም።

«እኔም የምትናገር ይመስለኛል» አለች። «ብቻዋን ስንተዋት ታወራለች። ቋንቋውን ስለማናውቀው ነው የጠየቅኩዎት። እስቲ ይምጡና ይስሙልኝ።»

የመጫወቻው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። አሻንጉሊቶቹን አሰልፋቸዋለች... ድብ፣ ጥንቸል፣ አንድ እጇ የተገነጠለ አሻንጉሊት።

ድቡ ፊት በርከክ አለች። የሌለ ሹሩባውን አስተካከለችለት። ከዚያ ወደ ጆሮው ተጠጋች። ሹክ ስትል እንኳ ድምጿ በሩ ድረስ ይሰማል።

«ስማ... የኛን ቋንቋ እዚህ እንዳታወራ። ያሳፍራል። የነሱን ካላወቅክ አፍህን ዝጋ። ከተሳሳትክ ከእማ ጋር አትኖርም። እሺ?»

የድቡን ራስ ይዛ ነቀነቀችው።

ወደ ጥንቸሏ አለፈች። «ስሚ...»

እናት የበሩን እጀታ ይዛ ደርቃ ቀረች።

«ምን እያለች ነው?» ጠየቀች ርዕሰ መምህሯ።

አባት ቀደመ። «ምንም... የልጅ ጨዋታ ነው።»

እናት አየችው። ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሯ ዞራ ሁሉንም ተረጎመችላት። አንድም ቃል አላስቀረችም።

የአባትየው ፊት አመድ መሰለ። «ለራሷ ብዬ እኮ ነው... ቋንቋቸውን ቶሎ እንድትለምድ ብዬ...»

«አሁን ደግሞ አንተ አፍህን ዝጋ!»

በራሷ ቋንቋ ነው የጮኸችው። ኮሪደሩ ሙሉ ሰማ።

ገብታ ልጇ አጠገብ ተንበረከከች። «የኔ እናት... አውሪ። በኛው ቋንቋ። ያሻሽን ተናገሪ።»

ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው የአባቷን ፊት ነው።

«ሰዎቹ እየሰሙ?»

«እየሰሙ!»

ወደ እናቷ ተጠጋች።

«እማ... ሽንቴ መጥቷል። ያን ቀንም መጥቶብኝ ነበር። በነሱ ቋንቋ ምን እንደሚባል አላውቅማ...»

ርዕሰ መምህሯ ትርጉም አልጠበቀችም። የልጅቷን አቀማመጥ አይታ እጇን ይዛ እየሮጠች ወደ መጸዳጃ ቤት ወሰደቻት።

ልጅቷን ተቀበሏት። አያቷም ጋ አልተላከችም።

የኔ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም! አንድ ፍሬ ልጅ፣ «ሽንቴ መጣ» ማለት ነውር መስሏት፣ እናቷን እንዳታጣ ብላ፣ ጥርሷን ነክሳ ትቀመጥ?

ወላጆች... ልጅ ቋንቋ ይለምዳል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲሯሯጥ ሳታውቁት ይለምደዋል። እናንተ ያስዘጋችሁትን አፉን መልሶ ለመክፈት ግን ብዙ ይቸገራል። በገዛ ቋንቋው አታሸማቅቁት!

እስቲ እናንተ ፍረዱ...

ጥፋቱ የሹክሹክታው ባለቤት የአባትየው ብቻ ነው? ወይስ በየበሩ አጠገቡ ቆማ «ምን አልካት?» ብላ ያልጠየቀችው እናትም አለችበት?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ሳትሳደቡ!