ጫፍ ጫፉን

ፀጉር አስተካካዩ መሰላል ላይ ቆሞ የሐረጉን ጫፍ በማበጠሪያ እየሳበ በመቀስ ይቆርጣል። ከመስመር የወጣ ቀንበጥ ካየ እጁ አያስችለውም። ሐረጉ ግድግዳውን ሸፍኗል፣ የቆርቆሮውን ሚስማር ነቅሏል፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶም ከመቀሱ አላመለጠም።

ከመስኮቱ በስተጀርባ ሚስቱ ተኝታለች። ሐረጉን ያስተከለችው እሷ ናት፤ ከአራት ዓመት በፊት፣ ከአልጋ መውረድ ሲያቅታት። “ወይን ጠጅ አበባ ያወጣል አሉ። ኮርኒስ ስቆጥር ከምውል እሱን ልይ” ብላ።

“ዛሬስ?” ትላለች ከውስጥ።

“ቅጠል ብቻ ነው።”

“አንተን መስሎ ቀረ በለኛ። ሥራ አይፈታ፣ ፈገግ አይል።”

ግቢው ውስጥ የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩን ሊስተካከል መጥቶ ተራው እስኪደርስ እየጠበቀ ነው፤ ተራውን የያዘበት ሐረጉ ነው።

“ጋሼ፣ ይሄን በስንት ጊዜው ነው የሚቆርጡት?”

“በየአሥራ አምስት ቀኑ። እንደ ደንበኛ ነው የያዝኩት።”

አትክልተኛው አይስቅም። ተነስቶ ከመሬት አንድ ቁራጭ ያነሳና ጫፉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ይሰነጥቀዋል። ውስጡ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል።

“አበባውን የሚይዘው እዚህ ነው” ይላል ቀስ ብሎ። “ዓመት ሙሉ ሳይነካ ሲቀር ነው የሚፈነዳው።”

“ከዛሬ ጀምሮ ብተወውስ?”

“ለከርሞ ይደርሳል።”

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ነጥሎ ሲያናግረው ስለ ከርሞ አላነሳም። ያነሳው ስለ ሳምንታት ነው።

“ምን አለህ?” ትላለች ሚስቱ።

አትክልተኛው ጫማውን ያያል።

“ጫፉን ባትነካው ኖሮ ያብብ ነበር አለኝ።”

ከመሰላሉ ወርዶ ወደ መስኮቱ ይጠጋል።

“የመቀሱን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር” ትላለች ከውስጥ፣ “እየተንከባከበልኝ ነው እል ነበር።”

“እኔም።”

“ጥፋቱ የኔ ነው። ፀጉር አስተካካይ አግብቼ ጫካ ተመኘሁ።” ልትስቅ ትሞክርና ሳሉ ይቀድማታል።

አትክልተኛው ፎጣውን አጥፎ በርጩማው ላይ ያስቀምጣል። ለፀጉሩ ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብሎ ይወጣል።

ፀሐይ ዘወር ስትል ንፋሱ ይቀዘቅዛል። ፀጉር አስተካካዩ መስኮቱን ሊዘጋ ይገባል። መስኮቱ አይገጥምም። ሳያየው የቀረ አንድ ቀንበጥ በክፍተቱ ሾልኮ ከትራሷ በላይ ተንጠልጥሏል።

እጁ ወደ ደረት ኪሱ፣ ወደ መቀሱ ይሄዳል። እሷ እጁን ታያለች።

እጁን ባዶውን ያወጣል። ኮቱን አውልቆ እግሯ ላይ ይደርብላትና አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ብርዱ በተከፈተው በኩል ይገባል። ቀንበጡ ከፊቷ በላይ ይወዛወዛል፤ ለስላሳ፣ አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ ምንም የሌለበት።