ደቦሏን ያሳመማት ማን ነበር?

«ጡጦውን በደንብ አላጠቡትም ማለት ነዋ፣ አባባ።»

የእንስሳት ሐኪሟ ይህን የተናገረችው በአራዊት ማቆያው ግቢ፣ አምስት ሠራተኞች በቆሙበት ነው።

ሽማግሌው ተንከባካቢ ጎንበስ ብለው ያቀፏትን አስተካከሉ...

ክንዳቸው ላይ የሦስት ሳምንት የአንበሳ ደቦል ተኝታለች። እናቷ አላጠባም ስላለች በጡጦ የሚያሳድጓት እሳቸው ናቸው።

አሁን ግን ሁለት ቀን ሙሉ ተቅማጥ አጣድፏት ዓይኗ ጎድጉዷል። ጡጦ ሲሰጧት ፊቷን ታዞራለች።

ሐኪሟ ሥራ ከጀመረች ገና ስድስት ወሯ ነው። ደቦሏ እንዳትሞትባት ፈርታለች... ሰው ሲፈራ ደግሞ የሚያላክክበት ይፈልጋል።

«ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይመግባታል» ብላ ቢሮዋ ገባች።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። አባባ ናቸው።

«ሥራ ለቅቄያለሁ ሊሉኝ ነው» ብላ ደነገጠች።

እሳቸው ግን በሩን ዘግተው አንድ የተጨማደደ ደብተር ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጉ።

የጠባችበት ሰዓት... ክብደቷ... ዓይነ ምድሯ ምን እንደሚመስል... አንድም ሳይቀር ተጽፏል።

«ሰኞን እይው ልጄ።»

ሰኞ ጠዋት፦ «ዓይነ ምድር ደህና። አዲሱ የዱቄት ወተት ተጀመረ፤ በዶክተር ትእዛዝ።»

ሰኞ ማታ፦ «ቀጠነ።»

የሐኪሟ ፊት ጋለ።

ወተቱን የቀየረችው ራሷ ናት... የተሻለ ነው ብላ፣ የድሮውን በአንድ ቀን አስቁማ።

«ወተቱ መጥፎ ነው አልልም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ድንገት ተቀየረባት። አንጀቷ ገና ጨቅላ ነው፤ ቀስ ብሎ መልመድ ነበረበት። እኔም የገባኝ ዛሬ ጠዋት ደብተሩን ሳገላብጥ ነው። ልነግርሽ ስመጣ ቀደምሽኝ።»

«ታዲያ እዚያው ለምን አልነገሩኝም?»

«በሠራተኞቹ ፊት? እነሱ አንቺን ማመን ካቆሙ ነገ ያዘዝሽውን ማን በልቡ ይሠራል? እኔ እንደሆነ ቁጣ ለምጃለሁ፤ ባለቤቴን ጠይቂ።»

ሐኪሟ ሳታስበው ሳቀች... ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ያን ቀን ወተቱን አቁመው፣ ከሰውነቷ የወጣውን ውኃ የሚተካ ፈሳሽ ጥቂት በጥቂት ሰጧት።

ከዚያ የድሮውን ወተት አቅጥነው ጀመሩላት። አዲሱን «ሆዷ ሲረጋ በማንኪያ በማንኪያ እየቀላቀልን እንሰጣታለን» ተባባሉ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አባባ ተጣሩ። «ዶክተር፣ ነይ እይልኝ።»

ጨርቁ ላይ ጠንከር ያለ፣ ጤነኛ ዓይነ ምድር...

ሁለት ትልልቅ ሰዎች እሱን ከበው ሲስቁ ያየ ሰው አብደዋል ባለ ነበር። ደቦሏ ደግሞ ጡጦዋን ጨርሳ ጫፉን አልለቅም ብላ ትታገላለች።

ሐኪሟ አምስቱንም ሠራተኞች ጠራች።

«ጡጦው ንጹህ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እንኳን ዳነችልን» አሉ እሳቸው።

ወዳጆቼ... ሰው ላይ ጣታችንን ከመቀሰራችን በፊት የራሳችንን ሥራ እንፈትሽ። የሰው ስህተት ስናገኝ ደግሞ ሳናዋርደው መናገር እንችላለን። በሰው ፊት ከበደልን ግን ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን።

እናንተ በአባባ ቦታ ብትሆኑ እዚያው ትመልሱላት ነበር... ወይስ በሩን ዘግታችሁ? እስቲ ሳትዋሹ ጻፉልኝ።