በሬጌ የተመታው መዝሙር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ኤልናታንን ጠሩት። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ጓሮ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ አንድ በር፣ ብረት የተገጠመለት አንድ መስኮት። ሰው ከአገልግሎት የሚታገደው እዚያ ነው። ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጡትና በሩን ዘጉት። የሐዋሳ ሙቀት ቆርቆሮውን አልፎ አናቱ ላይ ወረደ።

ኤልናታን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጀምሮ እሁድን ከኪቦርዱ ርቆ አሳልፎ አያውቅም። ማክሰኞና ሐሙስ ልምምድ ነው፤ ዓርብ የጸሎት ፕሮግራም። እናቱ ወይዘሮ ብርቅዬ እንደ ሐና ተስለው ነው የወለዱት። «ለጌታ ቤት ሰጥቼዋለሁ» ይላሉ ላገኙት ሁሉ። የተሰጠ ደግሞ መልሱልኝ አይባልም። ዛሬ ከታገደ እናቱ ሰፈር ውስጥ ቀና ብለው አይሄዱም።

ሰብሳቢው ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ በኮምፒውተር የተጻፈ ስም የሌለው ደብዳቤ አነበቡ።

«በመጀመሪያው እሁድ መዝሙሩን በሬጌ መታው። ኮርዱ ምቱ ላይ ሳይሆን በሁለት ምት መሃል ይገባል፤ ይህ የጃማይካ ነው። በሁለተኛው እሁድ ጭፈራ ቤት የሚጨፈርበትን ችክችካ አስገባ። ባሲስቱ በሌለበት በሦስተኛው እሁድ ባሱንም እዚያው ኪቦርዱ ላይ በግራ እጁ ይዞ ሶል ተጫወተ። ሶል ከጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ፣ የጌታን ስም በፍቅረኛ ቀይሮ ወደ ዓለም የሄደ ነው።»

«እውነት ነው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እውነት ነው።»

«ችክችካውም?»

«እሱም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዷ እትዬ አስካለ አንጀታቸው አልቻለም። «ሳላስበው ነው በል እንጂ ልጄ።»

«አስቤበት ነው እትዬ» አለ። ላቡ በአንገቱ ወረደ።

የሌላው ሽማግሌ የአቶ ዘሪሁን ሐሳብ ግን ሁሉ የደብዳቤው ጸሐፊ ላይ ነበር። ይህን ያህል የሚያውቅ ሙዚቀኛ ነው፤ ሙዚቀኛ ከሆነ ደግሞ ባስ የሚመታው ሕዝቅያስ ነው። እሱና ኤልናታን ከፋሲካ ወዲህ ሰላም አይባባሉም።

«ቅናት ነው» አሉ። ኤልናታን በሕዝቅያስ ላይ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረም፤ አንገቱን ደፋ። ጨዋነቱ ሁሉንም ነካቸው።

«ደንቡ ግልጽ ነው» አለ ኤልናታን ቀስ ብሎ። «ዓለማዊ ነገር ያስገባ ይታገዳል።»

ጋሽ ደምሴ ደብዳቤውን እንደገና አነበቡት። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ይኸው እዚሁ ተጽፏል፤ ሶል ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው ይላል። የወጣ ልጅ ሲመለስ በር እንዘጋበታለን?»

«ችክችካውስ?» አለ ኤልናታን።

«እሱማ ጭፈራ ቤት ሳይከፈት በፊትም የአገራችን ምት ነበር። ሬጌውን ደግሞ ወጣቶቹ ወደውታል፤ ወንበር ጠፍቶ ቆመው ነው የሚዘምሩት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ወሰኑ። አልታገደም። እንዲያውም የረቡዕ ፕሮግራም ተጨመረለት። እትዬ አስካለ አቀፉት። በር ላይ ሲጠብቁ የነበሩት ወይዘሮ ብርቅዬ ዜናውን ሲሰሙ አለቀሱ። ጋሽ ደምሴ ለደብዳቤው ጸሐፊ ጸለዩ፤ ጌታ ልቡን እንዲያሳርፍለት። ኤልናታን አሜን አለ።

ቤቱ እንደገባ በሩን ቆለፈና ስም የሌለውን ሁለተኛ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ፤ በዚህኛው ስለ ሶል ምንም አላነሳም።