ለአንድ ቀን ብቻ የተመለሰው የይለፍ ቃል

ኃላፊያችን የጥፋተኛው ስም የተጻፈበትን ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ "እዚህ ጋ ፈርሚ" ትለኛለች። "ሰርቨሩን የተከሉት ጋሼ ናቸው፤ ሰርጎ ገቡ የገባበትን ክፍተትም የተዉት እሳቸው ናቸው። ጋሼ፣ እርስዎም አይቀየሙኝ፤ ከላይ ስም አምጪ እየተባልኩ ነው።"

ጋሼ አጠገቤ ቁጭ ብለው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አርብ ጡረታ ይወጣሉ። በጥፋት ደብዳቤ ከወጡ ግን አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቃል የገባላቸው የመምህርነት ሥራ አበቃለት።

ዛሬ ጠዋት የሆስፒታሉን ሲስተም የከፈተ ሁሉ ያየው የሚስቅ የራስ ቅል ነው። የላቦራቶሪ ውጤት የለ፣ ቀጠሮ የለ። ካርድ ክፍል ሰዉ ይጮሃል። ወይ ጣጣ!

ሰርቨሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የሠሩት ሰዎች እንኳ ማደሱን ካቆሙ ቆይተዋል። እንቀይረው ብለን አፋችን እስኪደርቅ ተናገርን። "እየሠራ አይደል እንዴ? ምን አስነካችሁ!" ነበር የአለቆቻችን መልስ። ሲሰለቻቸው ጋሼ የሰርቨሩ ሣጥን ላይ "አትንኩኝ" የሚል ወረቀት ለጠፉበት፤ ስቀን ተውነው።

"ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ማን መቼ ገብቶ ምን እንደነካ የሚያሳየውን መዝገብ ልየው" እላታለሁ። ከንጋት ጀምሮ ስክሪን ላይ ያፈጠጠው ዓይኔ ይቆጠቁጠኛል። ሰርጎ ገቡ ምንም አልሰበረም። በአስተዳዳሪው ገጽ በኩል፣ ሶፍትዌሩ ሲገዛ ይዞት በመጣው የይለፍ ቃል ዘው ብሎ ነው የገባው። ያንን ቃል የማያውቅ የለም።

ጋሼ ግን ሰርቨሩን በተከሉበት ቀን ቀይረውት ነበር። ዓይኔ እያየ ነው የቀየሩት። ታዲያ ማን መለሰው?

መዝገቡን ይዤ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ማክሰኞ ከሰዓት። የተመለሰው በእኔ ስም ነው።

እናቴ የወደቀች ቀን ነው። ሲስተሙ አልከፈት ብሎ፣ ስልኬ እየጮኸ፣ ቦርሳዬን እንዳነገትኩ የይለፍ ቃሉን ወደ መጀመሪያው መለስኩት። "ለዛሬ ብቻ ነው፣ ነገ እቀይረዋለሁ" አልኩ። ከቀብሯ ስመለስ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። አይ እኔ!

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን ያያሉ። ያንን ቀን ያውቁታል፤ በመኪናቸው ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ሰደድ አድርገው ገጹን ይዘጉታል።

"ፈርሚ ልጄ" ይሉኛል ቀስ ብለው። "እኔ እንደሁ ደክሞኛል፤ መሄዴ ነው። አንቺ ገና ነሽ።"

"ምን እየጠበቅሽ ነው?" ኃላፊዋ እስክሪብቶ ትዘረጋልኛለች።

እኔም ደክሞኛል እኮ፣ ጋሼ።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ደብዳቤው ላይ ያለውን ስማቸውን በአንድ መስመር እሰርዛለሁ። ከላዩ የራሴን እጽፋለሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና መጥረግ ይጀምራሉ።