ሳጥን የሆነው ስም

እንግዲህ በሮች ስሙ ያልተጻፈላቸውን ሰው ማስገባት ከተዉ ሰንብተዋል፤ ትእዛዙን የሚጽፈውም የቤቱ ባለቤት ነው። ወይዘሮ ዘርፌ ሟች ባላቸው የጻፉትን ሁሉ አጥፍተው፣ ከበሩ በስተውስጥ ባለው ስክሪን ላይ በገዛ እጃቸው እንደ አዲስ ሲጽፉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ልጃቸው ጽጌ ደግሞ እናቷ ቤት ልትወልድ መጥታ፣ ሆዷን ደግፋ ደጅ ዝናብ ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ ምን ይላል?»

«ስምሽን ጻፍኩለት፤ እሱ ባዶ ሳጥን ይደረድርልኛል! ምን በደልኩት?»

«በቃ ቁጥር ስጪኝና ልግባ። የጎረቤታችን የእትዬ አልታዬ ልጆችስ አንድ፣ ሁለት ተብለው እየገቡ አይደል?»

«ልጄን በቁጥር አልጠራም!»

«ኧረ ወገቤን! እሺ፣ ስታስቀምጪው የፊደል ዓይነት ይጠይቅሻል። ዩኒኮድ የሚለውን ምረጪ፤ የኛን ፊደል የሚያውቀው እሱ ነው።»

እንዳለቻቸው መረጡ። ሳጥኖቹ ጠፍተው «ጽጌ» የሚል ወጣ፤ በሩም ተከፈተ። ወይዘሮ ዘርፌ ልጃቸውን ጎትተው አስገቡና ጋቢያቸውን አለበሷት።

በሩ ተዘግቶ ቤቱ እንደ ልማዱ ተናገረ፦ «እንኳን ደህና መጣሽ ጽጌ። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነው።»

ጽጌ ደንግጣ ዞረች። «እማ፣ የራስሽንስ ስም?»

«ውይ!» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ የተዘጋውን በር እያዩ። «እኔማ ያንቺን ብቻ ሳስብ...»