የሐዘን ማመልከቻ

ትርሲት በቢዝነስ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ሁለት ጊዜ አመልክታ አልተቀበሏትም። በሦስተኛው ሙከራዋ፣ እንዲረዳት የቀጠረችው የማመልከቻ አማካሪ ስለ ራሷ የጻፈችውን አንብቦ ፊቱን አጨማደደ።

«ልብ አይነካም። እናትሽ በሕይወት አሉ?»

«አለች፤ ጉሊት ቸርችራ ነው ያስተማረችኝ።»

«በቃ፣ አምና ሞተች ብለሽ ጻፊ።»

እያለቀሰች ጻፈች፤ ተቀበሏት።

አዲስ ተማሪዎች አቀባበል በተደረገላቸው ቀን ትርሲት ሳትጠራቸው እናቷ ገበያቸውን ጥለው በደስታ መጡ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የትርሲትን ትከሻ ዳበስ አድርገው፣ «ስለ እናትሽ የጻፍሽው አስለቅሶኛል፤ ነፍስ ይማር» አሏት። ወደ አሮጊቷ ዞረውም፣ «እርስዎስ ምኗ ነዎት?» ሲሉ ጠየቁ።

ትርሲት ቀደመቻቸው። «ጎረቤታችን ናቸው።»

እናቷ ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለበሱና፣

«አዎ፤ ቀብሯ ላይም ነበርኩ» አሉ።