በኮሌጁ ገጽ ላይ ያለችው ልጅ

«ያጥፉት ብያለሁ!» ወርቂቱ ስልኳን በአቶ አበጋዝ አፍንጫ ስር ደቀነችው። «አሁኑኑ! እዚሁ ቆሜ እያየሁ።»

አቶ አበጋዝ የጤና ኮሌጁ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠና ከእግሯ እስከ ሻሿ ቃኛት። «መጀመሪያ በር ይንኳኳል።»

«ፎቶዬን ሲለጥፉ የኔን በር አንኳኩ?»

በኮሌጁ የፌስቡክ ገጽ ላይ በወጣው ፎቶ ወርቂቱ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ የልብ ማዳመጫ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጥርሷን ፈልቅቃ ትስቃለች። ከስሩ «ከተስፋ ሰጪ ሰልጣኞቻችን አንዷ» ይላል። ሰልጣኝ! ግቢውን የረገጠችው ፎቶውን የተነሳች ዕለት ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ነበሩ። አበጋዝ ካሜራ አንጠልጥሎ ሲወጣ በሩ ላይ ከጫኖ የመጣ ሙዝ ስትደረድር አገኛት። «ቆንጆ ነሽ፣ ለአንድ ደቂቃ ቁሚልኝ» አላት። ሞኝ ነችና የሰጣትን ጋውን ለብሳ ቆመችለት።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ «ሲስተር፣ ግፊቴን ለኪልኝ!» እያሉ ያልፋሉ። የባጃጅ ሾፌሮች ሙዙን እያገላበጡ «ይሄኛው ታሟል፣ መርፌ ውጊው» ይላሉ። ትናንት ደግሞ አንዷ የእውነት ተማሪ በጓደኞቿ ፊት «ጋውኑን ለባለቤቱ መልሺና ሙዝሽን ሽጪ» ብላት ሄደች። ሙዝ እንኳ ሳትገዛ።

«አይጠፋም» አለ አበጋዝ። «ሦስት ሺህ ላይክ አለው። ዲኑ ራሱ ደውሎ አመስግኖኛል።»

«ሌላው ፎቷችሁስ ስንት ላይክ አለው?»

አበጋዝ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ።

«ልንገርዎት? አስራ አንድ። አስራ አንዱም የእናንተው ሠራተኞች ናቸው!» ገጹን በአውራ ጣቷ እየጎተተች ታሳየው ጀመር። «ስብሰባ። ስብሰባ። ሀይላንድ የደረደሩ ወንዶች። ይኸው ባነር። እዚህ ጋ አንዷ ‹ምዝገባ መቼ ነው?› ብላለች፣ በመስከረም! ማን መለሰላት? ማንም። እኔ ሙዝ ሻጯ እንኳ ዋጋ ስጠየቅ እመልሳለሁ። ስንት ተማሪ ውስጥ እየተማረ፣ እነሱን ቀርጾ ማሳየት እያለ፣ ከበር ላይ ፊት ትለቅማላችሁ።»

«አንቺ ሥራዬን ልታስተምሪኝ? ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

ጥያቄው ነከሳት። «ከዘጠነኛ ነው ያቋረጥኩት።» አንቱታው ከአፏ ወደቀ። «አንተ ዲግሪህን ይዘህ አራት ሺህ ተከታይ አለህ። እኔ ቲክቶክ ላይ ዘጠኝ ሺህ አለኝ። ካላጠፋኸው በርህ ላይ ሙዜን ይዤ ላይቭ እገባለሁ። ‹ተስፋ ሰጪዋ ሰልጣኝ ነኝ፣ ኑ ሙዝ ግዙኝ!› እላለሁ። ዲኑ ያኔም ደውሎ ያመስግንህ።»

የአበጋዝ ፊት ተለዋወጠ። «ባለጌ!» ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ ነጠቅ አድርጎ አነሳ። «አጠፋዋለሁ። ልክ እንዳጠፋሁት ግን ከበራችን ትነሺያለሽ። በጥበቃ ነው የማስነሳሽ!»

«አጥፋዋ! ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

የወርቂቱ ስልክ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ደንበኛ መስሏት አነሳችው።

«ወርቂቱ።»

አባቷ ዳልጮ ነው። ተምራ ሰው ትሁንልኝ ብሎ ከካምባ ወደ አርባ ምንጭ የላካት ልጅ ደብተሯን ጥላ ሙዝ ቸርቻሪ ስትሆን «እኔ ልጅ የለኝም» ብሎ ነበር። ይኸው ሦስት ዓመት ድምፁን ሰምታ አታውቅም። ከኋላው የገበያ ጫጫታ ይሰማል። በጋሞኛ፣ ስልክ እንዳልለመደ ሰው እየጮኸ ነው የሚያወራው።

«የወንጌላዊው ስልክ ነው። ፎቶ አሳየኝ። ነጭ የለበሰችው አንቺ ነሽ?»

ወርቂቱ አበጋዝን አየችው። ጋሞኛ አይሰማም። አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ እንዳንዣበበ በንዴት ይጠብቃታል።

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ዓይኔማ አይቷል። ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው።» ሲተነፍስ ሰማችው። «ልጅ የለኝም ያልኩት... ተናድጄ ነው። ተሳስቻለሁ። ይኸው ገበያውን ሁሉ እየዞርኩ አሳያለሁ። አሁን ክፍል ውስጥ ነሽ?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ሙዙ፣ በሩ፣ ካሜራው፣ ሁሉም ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«አዎ» አለች። «ክፍል ውስጥ ነኝ።»

«በይ ተማሪ። አልረብሽሽም።» ተዘጋ።

«ወሬሽን ጨረስሽ?» አለ አበጋዝ። «ይኸው፣ ስልኩ ‹ይጥፋ?› እያለኝ ነው። አዎ እለዋለሁ፤ ከዚያ ዓይንሽን እንዳላየው!»

ጣቱ ሲወርድ ወርቂቱ ጠረጴዛው ላይ ተንጠራርታ መዳፏን ስልኩ ላይ ለጠፈችው።

«እብድ ነሽ እንዴ? አጥፋ አጥፋ እያልሽ ስትጮሂ አልነበር? እጅሽን አንሺ!»

አላነሳችም። የሙዝ ሙጫ ባጠቆራቸው ጣቶቿ መሐል የሚታየው ነጩ ጋውን ብቻ ነው።